ቲማቲም ታቅፌ ወደ ባሕር ሸሹ

አንበሳሜ፣ ጥቅምት፣ ጎህ ሲቀድ

ጤዛው ሳይረግፍ ችግኙን ከጓሮዬ ነቀልኩት። ሥሩን ከነአፈሩ በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩ፣ ዘንቢል ውስጥ አቁሜ ደረደርኩ፣ ላዩን በራሰ ጆንያ ሸፈንኩ። ቲማቲም ነው፤ ክረምቱን ሙሉ በረዶ እንዳይመታው ሣር እያለበስኩ ያፈላሁት።

የእኔ አይደለም፤ የእኅቴ የውድነሽ ነው። እሷ ከወረታ ወዲያ፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጣና ዳር ትኖራለች። ክረምት ጓሮዋ ውሃ ስለሚተኛበት እዚያ ችግኝ አይፈላም። ስለዚህ እኔ ከፍ ካለው አገሬ ከደራ አፍልቼ አወርድላታለሁ፣ ውሃው ሲሄድ ትተክለዋለች። እንዲህ ስናደርግ ኖረናል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ጠንክሯል። ጎርፉ ዳጉሳዋን ጠራርጎ ወሰደው። ባሏም በሕይወት የለም። የገበሬ ማኅበሩ ደግሞ፣ «ባሕር ሸሹን ካላለማሽ ለሚያለማ እንሰጠዋለን» ብሏታል። ባሕር ሸሽ የሚሉት ክረምት ጣና የሚተኛበትን፣ ጥቅምት ላይ ለቆት የሚሸሸውን መሬት ነው። በገበያተኛ ላከችብኝ፦ «ውሃው ሄደ። ሊቀ መንበሩ የመሬት መለኪያ ገመዱን ይዞ ሳይመጣ ድረስልኝ።»

ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ዘንቢሉን እንዴት እንደታቀፍኩት አየችና ሳቋ አመለጣት። «እኔን በሙሽርነቴ እንኳ እንዲህ አልታቀፍከኝም!»

እሷ ትሳቅ። እኔ ልቤ ከመኪናው ቀድሞ ወረታ ገብቷል።

ረፋድ፣ ጉማራ ድልድይ

የጭነት መኪናው ሹፌር አያሌው ይባላል፤ ጨዋታ የሚወድ ጎልማሳ ነው። ከጎኑ አስቀመጠኝ። የሞተሩ ግለት ከእግሬ ሥር ይመጣል፣ መንገዱ ያነጥረናል፣ የቲማቲሙ ሽታ ጋቢናውን ሞልቶታል።

«አባባ፣ ይሄ ተሳፋሪዎ አንገቱን ደፋ። ታሟል እንዴ?»

ጆንያውን ገለጥ ባደርገው እውነትም ጠውልጓል። ደነገጥኩ።

«ድልድዩ ጋ ቁምልኝ የኔ ልጅ፣ ላጠጣው።»

«ለሰው ያልቆምኩትን ለቲማቲም ልቁም?» አለና ቆመ። ራሱ ወርዶ ከጉማራ በጀሪካን ቀዳ፤ ጆንያውን አርሶ፣ የተረፈውን በገዛ አናቱ ላይ አፈሰሰው።

ከድልድዩ ወዲያ ሜዳው ተዘረጋ። ወይ አገር! ውሃው በየጉድጓዱ እንደ መስተዋት ያበራል። የፎገራ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ፤ ነጫጭ ወፎች ጀርባቸው ላይ ተሳፍረዋል። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ባየሁት ቁጥር ግን እንደ አዲስ ነው።

ቀትር፣ ወረታ

እዚህ ሙቀቱ ወበቅ ነው፤ ሸሚዝ ከገላ ይጣበቃል። ኬላው ላይ ጠብመንጃ ያነገተ ጠባቂ አስቆመን።

«አባት፣ ዘንቢሉን ያውርዱ። ምን አለው?»

«ችግኝ ነው ጓድ።»

«ይፈተሻል።»

«ይፈተሽ። ግን ፀሐይ እንዳይመታው በጥላህ ፈትሽልኝ።»

አየት አደረገኝ። ከዚያ ፀሐይዋን በጀርባው ከልሎ፣ በገዛ ጥላው ውስጥ ጆንያውን ገለጠና ቅጠሉን በጣቱ ነካ አደረገ።

«ቶሎ ያድርሱት፤ ይሄስ ውሎ አያድርም» አለኝ። እንዲህ ያለ ፍተሻ አይቼ አላውቅም!

ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ሸሹ

ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ። ጭቃው ለስላሳ፣ ጥቁር፣ እንደ ቅቤ የሚያንሸራትት ነው። ውድነሽ ከሩቅ አይታኝ እልል አለች። እርጎ አቀበለችኝ፤ ቆሜ ጠጣሁ። መቀመጥ የለም።

«ዛሬውኑ ወንድምዓለም! ይህ መሬት ዛሬ ሊጥ ነው፣ ጥቂት ቢቆይ ድንጋይ ሆኖ ይሰነጠቃል።»

መደቡን ከፍ ከፍ አድርጋ፣ በመሐሉ ቦይ አውጥታ ጨርሳለች። እሷ ከወዲያ ዳር፣ እኔ ከወዲህ ዳር ጀመርን። ትንሽ ቆይታ ቀና አለች።

«ቦዩ ውስጥ ምን አወረደህ? ከመደቡ አናት ላይ ትከለው እንጂ!»

«እኛ አገር የሚተከለው ቦይ ውስጥ ነው፤ ውሃ እንዲጠጣ።»

«እዚህ እኮ ውሃው ነው እኛን የሚጠጣን!»

ሰማዩን አየሁት፤ ጥርት ያለ ነው። በጥቅምት ማን ዝናብ ይፈራል? እኔ በደራ ልማድ፣ እሷ በፎገራ ልማድ፣ እየተከራከርን ተክለን ጨረስን።

ማግስቱን

ሌሊት ዘነበ! ከጣና በኩል የመጣ ዶፍ ነው። ጠዋት ብንወርድ የእሷ ቲማቲም መደቡ አናት ላይ ቆሟል፤ የእኔ ወገን ቦዩ ውስጥ ሰጥሟል፣ ጫፉ ብቻ ይታያል። እሷ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ገባች። እያንዳንዱን ከሥሩ ከነጭቃው እየዛቅን ወደ መደቡ አናት ማውጣት ያዝን።

ሊቀ መንበሩ ገመዱን በትከሻው አድርጎ የደረሰው ይሄኔ ነው።

«እሜቴ ውድነሽ፣ ግማሹ ባዶ ነው እኮ።»

«ባዶ አይደለም። ወንድሜ ቲማቲሙን ክርስትና እያስነሣው ነው፤ ደራዎች ሳያጠምቁ አይተክሉም።»

ሰውየው ሳቁን ዋጥ አደረገ። ግን ገመዱን አላወረደም። «ይህ አንገቱን የደፋ ነገር ይቆማል ብላችሁ ነው?»

«ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሰው ይዩት» አልኩት።

ስንዝቅና ስናወጣ ዋልን። ቦዩን ወደ ጣና በኩል ከፈትነው፤ ውሃው እየተንዶለዶለ ወረደ። ከዚያ ከዳር ቁጭ ብለን መጠበቅ ሆነ። መጀመሪያ አንዱ ጫፉን አነሣ። ቀጥሎ ከጎኑ ያለው። ውድነሽ ክንዴን ጨበጠችኝ፤ «አየኸው? አየኸው?» ትለኛለች እንደ ልጅነታችን። እኔ እንባ ጋርዶኝ ምን አያለሁ።

ፀሐይዋ ወደ ጣና ስታዘነብል ሊቀ መንበሩ መጣ። ከዳር እስከ ዳር ሄደ። ጎንበስ ብሎ ከእኔ ወገን አንዷን ችግኝ በጣቱ ገፋ አደረጋት፤ መልሳ ቆመች። ገመዱን ከትከሻው አወረደ፤ እኅቴ ትንፋሿን ያዘች። እሱ ግን ጠበቅ አድርጎ ጠቀለለውና ብብቱ ሥር ከተተው።

«ሲደርስ ቅመሱ በሉን» ብሎ ሄደ።

መልስ፣ ጉማራ ድልድይ

በመልሴም የአያሌው መኪና ገጠመኝ። ባዶውን ዘንቢል አይቶ፣ «ያ አንገቱን የደፋው መንገደኛስ አባባ?» አለኝ።

«ቀና ብሏል» አልኩት።

ሳልጠይቀው ድልድዩ ጋ ቆመልኝ። ወርጄ ከፎገራ ጭቃ እግሬን ታጠብኩ።