ጥጉን ቀድሞ የሚተኩሰው ልብስ ሰፊ

ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ የኮምፒውተር ቤት ነበረኝ። ጠዋት ፎቶ ኮፒና የሥራ ማመልከቻ፣ ከሰዓት በኋላ ጌም። ስምንት ኮምፒውተሮች፣ አንድ አልዘጋ ያለ በርና ነገሩ ካልገባት የማታርፍ ባለቤት፤ ቤቱ ይኸው ነው። “ልጆቼ” የምላቸው ተጫዋቾች ልጆች አልነበሩም። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ጤና ጣቢያ ይሠራል፣ የቀሩት የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው። የሚያሳብዳቸው የተኩስ ጌም ነው፤ አምስት ሆነው በግንቦች መሃል እየተሹለከለኩ ሌሎቹን አምስት የሚያድኑበት።

እርስ በርስ መገዳደሉ ሲሰለቻቸው ዱራሜ ካለ ሌላ የኮምፒውተር ቤት ጋር በኢንተርኔት ልንገጥም ተስማማን። ለደንቡ ያህል ቀበሌ ሄጄ ውድድር ላዘጋጅ መሆኔን ስናገር ሊቀመንበሩ ከሁሉ በፊት የጠየቀኝ አደረጃጀቱ አንድ ለአምስት መሆን አለመሆኑን ነበር።

“አምስት ለአምስት ነው” አልኩት።

“እናንተማ ከመመሪያውም በልጣችኋል” ብሎ ሳቀና ፈቀደልኝ።

የውድድሩን ሕግ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። ጨዋታው እስኪያልቅ በሁለቱ ቤቶች መካከል ስልክ ክፍት ይሆናል። በአንዱ ከተማ መብራት ከሄደ በስልኩ “እጅ!” ተብሎ ይጮሃል፤ የሌላው ከተማ ተጫዋቾችም ማውሳቸውን ለቀው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ዙሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። አምስት ጎረምሶች ኮምፒውተር ፊት እጃቸውን ሰቅለው ያየ መንገደኛ ምን ይል እንደነበር እንጃ። ከሁሉ አብልጬ የምወደው አንቀጽ ግን የእንግዳ አንቀጽ ነበር። ሁሉም የሚገናኙበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ እኔ ቤት ስለሆነ ዱራሜዎች እንግዶቻችን ናቸው። እንግዳ ደግሞ መከበር አለበት። ስለዚህ ሜዳውንም ወገኑንም ሁልጊዜ እነሱ ይምረጡ አልን። ከዚህ በላይ ምን ፍትሕ አለ?

እየመረጡ ተሸነፉ። ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ ያው ነው። ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ አልበገር አለ፤ በሥራው ልብስ ሰፊ ነው ብለውኛል። የእኔ ልጆች ከጥግ ብቅ ሳይሉ ይጥላቸዋል። ባጃጅ ነጂው ወንበሩን ገፍቶ ተነሣና “ይሄ ሰውዬ በግድግዳ ውስጥ ያያል!” አለ። እንዲህ የሚያሳይ የማጭበርበሪያ ፕሮግራም እንዳለ ሰምቻለሁ። የተቀዳውን ጨዋታ ከፍቼ ሦስት ጊዜ አየሁት። እውነትም ጥጉ ባዶ ሆኖ ሳለ ይተኩሳል፤ የእኔ ልጅ ራሱ ጥይቱ ላይ ይመጣል። እኔም ሳልውል ሳላድር “በማጭበርበር ለአንድ ዓመት ታግዷል” ብዬ ማስታወቂያ አተምኩ። አንዱን በሬ ላይ ለጠፍኩ፣ አንዱን ለዱራሜው ቤት በሚኒባስ ላክሁ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ የዱራሜው ኮምፒውተር ቤት ባለቤት ደወለ። ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም።

“እህቴ፣ አንቺ በጌም አጭበረበረ ነው ያልሽው። ገበያ ሲደርስ ጨርቅ ሰረቀ ሆኗል። ትናንት አንዲት ሴትዮ ለቀሚስ የሰጠችውን ከማሽኑ ላይ አንሥታ ሄደች።”

 ልብስ ሰፊ የሚኖረው ሰው ጨርቁን አምኖ ሲተውለት ነው። ቁራጩን አስቀረ ተብሎ መታማት እንኳ ይበቃዋል። ልክ ከሆንኩ ግን ልክ ነኝ፤ ካልሆንኩስ? ሲያጭበረብር ምን ይመስላል? ሰውዬውን በዓይኔ ሳላየው ለምን ፈረድኩ? ጥያቄው እንደ ጥርስ ሕመም ያዘኝ። በሳምንቱ ከሱቅ የገዛሁትን አራት ሜትር ጨርቅ በፌስታል ይዤ የዱራሜን ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጨርቁ እንኳ ሰበብ ነው፤ ባዶ እጄን ፊቱ መቆም ከበደኝ።

ልብስ ሰፊው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው አልተቆጣም። ጨርቁን ተቀብሎ ለቀሚስ ልኬን ወሰደና ማሽኑን ሸፍኖ ወደ ኮምፒውተር ቤቱ ይዞኝ ሄደ። የራሱን ወንበር ሳበልኝ።

“እዚህ ተቀምጠው ይጫወቱ” አለኝ።

ሆሳዕና ደወልኩና ልጆቼ ጨዋታው ውስጥ ገቡ። ጆሮ ማዳመጫውን አጥልቄ ጥጉን እየጠበቅኩ ቆምኩ። የጫማ ድምፅ ይሰማል፤ ጥጉ ባዶ ነው። ድንገት ስክሪኑ ቀላና ወደቅኩ። የገደለኝ ሰው ከጥጉ ብቅ ያለው ከሞትኩ በኋላ ነው! ደገምኩ። ያው ነው። ሠለስኩ። ቤቴ ውስጥ ከልጆቼ እስከ ሰርቨሩ አንድ ክንድ ሽቦ ነው። ዱራሜ ላይ የተጫኑት ቁልፍ ግን አዲስ አበባ ደርሶ፣ ተመልሶ ነው ሆሳዕና የሚገባው፤ የሚያዩትም ሁሉ እንዲሁ ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። እንግዶቼን በምርጫ አክብሬ ዓይናቸውን ይዤባቸው ኖሯል።

“አንተ ታዲያ እንዴት ታያቸዋለህ?” አልኩት።

“አላያቸውም እኮ። እርምጃውን ነው የምቆጥረው። አራተኛው ላይ ከጥጉ ይወጣል፤ እኔ ሦስተኛው ላይ እተኩሳለሁ። ካየሁማ አለቀልኝ።” ትንሽ አሰበና “ስሰፋም እንደዚያ ነው፣ መርፌው ያለበትን አላይም፣ የሚሄድበትን ነው” አለኝ።

አፈርኩ። አንድ ሰው ያለ ዓይን መጫወት ተምሮ ሳለ፣ ዓይን ያለን እኛ ሌባ አልነው። እዚያው ኮምፒውተር ላይ አዲስ ማስታወቂያ ጻፍኩ፦ ጥፋቱ የአዘጋጇ ነው፤ ተጫዋቹ አላጭበረበረም። ኮምፒውተር ቤቱ በር ላይ ልለጥፈው ስል እጁን ዘረጋ።

“እዚህማ ያውቁኛል። የእኔ በር ላይ ይሁን።”

ሱቁ በር ላይ በገዛ እጄ ለጠፍኩት። ጎረቤቶቹ ሲሰበሰቡ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስሰናበተው “የተረፈውን ጨርቅ ለራስህ አድርገው” አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እሺ ማለቱ መስሎኝ ሄድኩ።

ሰርቨሩን አዲስ አበባ አንድ ዘመዴ ቢሮ አስገባን፤ ለሁለታችንም እኩል ሩቅ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ልጆቼ ጉድ ሆኑ፤ ሳያዩ ይሞታሉ፣ ይጮሃሉ፣ ማውሱን ይሰድባሉ። በሦስተኛው ሳምንት ባጃጅ ነጂው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሲቆጥር አየሁት። ሦስት ላይ ባዶውን ጥግ ተኮሰ። ማንም አጭበረበረ አላለውም።

ቀሚሴ በሚኒባስ መጣ፤ ልክክ ያለ ነው። ከሥሩ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትንሽ ጥቅልል ነበር። ፈታሁት። ቁራጮቹ ናቸው፤ በየመጠናቸው ተለይተው፣ ተተኩሰው፣ ተጣጥፈው፣ አውራ ጣቴን የማታክለዋ ሳትቀር።