ባለቤት ያጣው የስፔን ቃል

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት የሽንቱን ባልዲ ነው። ቢጫ ነበር፤ ጥግ ላይ በካርቶን ተከድኖ ተቀምጧል። ቀጥሎ ሦስት ሰዎች አየሁ። ወፍራሙ የጨፋ ሮቢት የከብት ደላላ ነው፤ የክፍሉ አለቃም እሱ ነበር። ፍራሹ ላይ እንደተጋደመ በአገጩ ወደ ባልዲው ጠቆመኝ።

“ቦታህ እዚያ ነው። አዲስ ገቢ የባልዲው ጎረቤት ነው። ለክፍሉ የሚጠቅም ነገር ካመጣህ እናስብበታለን።”

“ምን አርገህ ነው?” አለኝ ሌላው፣ በእድሜ የማይበልጠኝ ባጃጅ ነጂ።

“ግጥም ጽፌ።”

“በል እስኪ አሰማን።”

አሰማኋቸው። ቢሮ ተሰጥቶት ወንበሩን ሲልስ ስለሚውል አህያ ነበር። ስጨርስ ደላላው በረጅሙ ተነፈሰ።

“ለዚህ ከሆነማ ያሰሩህ፣ አልበዛብህም።”

መርማሪውም ከግጥሙ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። “አህያው ማነው?” ይለኛል። “አህያ ነው” እለዋለሁ። “የማን አህያ?” ይላል። አህያው ከሚሴ ላይ የአንድ ቢሮ ኃላፊ እንደሆነ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ስሙ ከኔ አፍ ከወጣ ባለሥልጣን በመሳደብ እከሰሳለሁ፤ ካልወጣ እዚያው ከባልዲው ጋር እከርማለሁ።

ከመያዜ በፊት በስልኬ ስፔንኛ እማር ነበር። የሩቅ አገር ገጣሚዎችን በራሳቸው አፍ ማንበብ አምሮኝ ነው። ስልኬን ሲወስዱብኝ የደረስኩት ድሮ ይደረግ የነበረው የሚነገርበት የግሥ ጊዜ ላይ ነበር፤ እናገር ነበር፣ እበላ ነበር የሚባለው። የቀደመውን ትምህርት ድንጋጤው ጠራርጎት ስለሄደ ለክፍሉ ያለኝ ስጦታ ይህ ብቻ ሆነ።

“ስፔንኛ ትችላለህ? ወላሂ?” አለ ባጃጅ ነጂው። የስፔን ኳስ ሲያይ ያደገ ሰው ነው።

“የድሮውን ብቻ።”

“እዚህ ቤት ማን ሌላ ወሬ አለውና” አለ ደላላው። “ግን በሬ ጥርሱ ሳይታይ አይገዛም። ተምረን እናየዋለን፤ እስከዚያ ከባልዲው ንቅንቅ የለም።”

አብላር ማለት መናገር ነው ብዬ ጀመርኩ። ‘እኔ’ የሚለውን ደላላው ማንንም ሳይጠይቅ ወሰደ፤ አብላባ፣ እናገር ነበር። ‘አንተ’ ለባጃጅ ነጂው ደረሰ፤ አብላባስ። ‘እሱ’ የሦስተኛው እስረኛ ሆነ። ከጨፋ የመጡ፣ ሽርጥ የለበሱ አዛውንት ገበሬ ናቸው። የሳቸውም ቃል አብላባ ነው።

“የኔና የሳቸው ቃል አንድ ነው?” አለ ደላላው ቅር ብሎት።

“እኩል ነን ማለት ነዋ” አሉ አዛውንቱ። “ደግ ቋንቋ ነው።”

ቃሉ አልያዝ ሲላቸው መንገዱን ያገኙት እሳቸው ናቸው። መንዙማ ላይ እንደሚደረገው አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ እጅ ይመታል። “መንዙማ አይደለም፣ አስተግፊሩላህ” አሉ። “ጭብጨባው ግን የማንም ነው።” ‘እኛ’ን አብረን እንላለን፤ አብላባሞስ። ‘እነሱ’ን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ወደ በሩ ዞረን እንላለን፤ አብላባን። በመካከላቸው ያለው ‘እናንተ’ ግን ባለቤት አጣ። እናንተ የምንለው ሰው አልነበረንም። በሱ ቦታ ባዶ ጭብጨባ እናደርግና እናልፋለን።

ሁሉም ግሥ በዚያው መስመር ሄደልን። ምሳ ሲዘገይ መብላትን እናነሳለን፤ ኮሚያ፣ ኮሚያስ፣ ኮሚያ። አንድ ቀን ጠባቂው በመስኮቱ ብቅ አለ።

“ምንድን ነው የምትሉት?”

“ይበሉ ነበር ነው የምንለው” አለ ባጃጅ ነጂው።

“እነማን?”

“እነሱ።”

ጠባቂው ትንሽ አሰበና ሄደ።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተከፈተና ኮት የለበሰ ሰው ገባ። ቀበቶውን ስለወሰዱበት ሱሪውን በሁለት እጁ ይዟል። በግጥሜ አህያ ያልኩት ኃላፊ ነው። ግምገማ ላይ ከሥልጣኑ ወርዶ፣ ከግምገማው በቀጥታ ወደኛ መጥቷል። ደላላው ሰውዬውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ወደ ባልዲው ጠቆመ።

እኔን ወዲያው መርማሪው አስጠራኝ። ሻይ አዞልኝ ነበር።

“አሁን መናገር ትችላለህ” አለኝ። “እንዲያውም ይጠቅምሃል። ሕዝቡ ስለሱ ምን ይል እንደነበር ያሳያል። ስሙን ጥራና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ። አህያው ማነው?”

ሻዩ ስኳር በዝቶበታል። የሰውዬው ሁለት እጆች ሱሪውን እንደጨበጡ ታዩኝ።

“አህያ ነው” አልኩ።

ስመለስ ትምህርቱ ተጀምሯል። ሰውዬው ባልዲው አጠገብ ቆሟል፤ ሱሪውን እንደያዘ ስለሆነ መቀመጥም አልሆነለትም። ጭብጨባው ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ደላላው አስቆመን።

“ይኸው ባለቤቱ” አለ። “ስብሰባ ላይ ‘እናንተ’ ሲሉን አይደል የኖሩት፣ ክቡር ኃላፊ? ገጣሚው፣ ቃላቸውን ስጣቸው።”

“አብላባይስ” አልኩት። “ትናገሩ ነበር ማለት ነው።”

ሰውዬው አየኝ። ግጥሙን እንዳነበበው ከዓይኑ አወቅሁ።

“አብላባይስ” አለ ቀስ ብሎ።

“ያለ ጭብጨባ አይቆጠርም” አለ ባጃጅ ነጂው።

ሰውዬው ወደ እጆቹ ተመለከተ። ለመሳቅ ተዘጋጅተን ነበር። አዛውንቱ ግን ተነሱ፤ የሽርጣቸውን ጠርዝ በጥርሳቸው ይዘው ረጅም ቁራጭ ቀደዱና አቀበሉት።

“እሰርበት፣ ልጄ። ሰው ሲናገር እጁ ነፃ ይሁን።”

ወገቡን አሰረ። ከዚያ አጨበጨበ፣ ከሁላችንም ጠንክሮ። የባልዲው ጎረቤትነት ከዚያን ቀን ጀምሮ በተራ ሆነ፤ ደላላው ብቻ ተራው ሲደርስ ወገቡን ያመው ነበር።

በኋላ ሁላችንንም ፈቱን፤ ለምን እንደሆነ አልነገሩንም። በቀደም ከሚሴ አስፋልት ዳር ባጃጅ ስጠብቅ ሰውዬውን ከማዶ አየሁት። በቆዳ ቀበቶ ታጥቋል። ሰላም አላለኝም። አንድ ጊዜ አጨበጨበና አፉን አንቀሳቀሰ፤ በመኪና ጩኸት ባይሰማም ቃሉን አውቀዋለሁ። እኔም በተራዬ አጨበጨብኩ፤ ባጃጅ የምጠራ መስሎት አንዱ መጥቶ ቆመልኝ።

ስልኬ ተመልሶልኝ የሚመጣውን ጊዜ፣ እናገራለሁ፣ እበላለሁ የሚባለውን፣ እየተማርኩ ነው። ጭብጨባ ግን ገና አላገኘሁለትም።