የጋሽ ይስማው መነጽር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን፣ ቁጣዬን ሁሉ ዘርግፌ ይህችን ብቻ ደብቄ ተመለስሁ። ዛሬ ለማላውቅህ ለአንተ እናገራለሁ። የጋሽ ይስማውን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ይስማው ባሕር ዳር በምሠራበት የብረት ፋብሪካ የእቶኑ ሠራተኛ ነበሩ። የጣና ደሴት የቄስ ልጅ ናቸው፤ ዳዊት ሳይደግሙ ሥራ አይጀምሩም። ብረቱ መጋሉን በእቶኑ ቀዳዳ አጮልቀው ከቀለሙ ይለዩታል። እቶኑ በናፍጣ ሲነድ ነበልባሉ ዓይን ስለሚወጋ ጥቁር መነጽር ያደርጉ ነበር። በኋላ እቶኑ ወደ ቡታጋዝ ሲቀየር ነበልባሉ ሳሳ፤ በመነጽሩ ብረቱ ደበዘዘባቸው። መሐንዲሱ እኔ ነኝና ጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ነበልባሉ ባይታየኝም ፊቴን ይለበልበኛል እኮ። ላውልቀው ትላለህ?"

"ያውልቁት ጋሼ! ነበልባል በሌለበት ምን ይነካዎታል?" ብዬ ሳቅሁ።

"እንግዲህ የተማረ ይግደለኝ" አሉና እሳቸውም ስቀው አወለቁት።

ከወራት በኋላ የተማሪነት ደብተሬን ስገልጥ አገኘሁት። የጋለው ጋዝና የእቶኑ ጡብ ዓይን የማያየው ጨረር ይረጫሉ፤ ብረቱን የሚያግለው በአብዛኛው እሱ ነው። ብረት የሚያግል ጨረር ዓይንን ይምራል? ተምሬው ነበር እኮ! ተፈትኜ አልፌበት ነበር! ታዲያ በማግስቱ "ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ፣ መልሰው ያድርጉት" ማለት ምን ነበረበት? ሠራተኛው እንዳይስቅብኝ አፈርሁ። አፈርሁና ዝም አልሁ። ጡረታ እስኪወጡ በየቀኑ ባዶ ዓይናቸውን ወደ ቀዳዳው ሲያስጠጉ እያየሁ፣ እኔ ዝም አልሁ።

ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነው። ቀዶ ሕክምናውም አልሆነላቸውም። ልጆቻቸው "እርጅና ነው" አሉ። እኔም "እርጅና ነው" አልሁ። ወይ እኔ!

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሐይቁ ዳር ይዣቸው ወጥቼ ዳዊት አነብላቸዋለሁ። ስሳሳት በቃላቸው ያርሙኛል። ባለፈው ግን መጽሐፉን ተቀብለው ገጹን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ፊደሉ ናፈቀኝ" አሉ።

ከዚያ ፊቴን ዳብሰው "አንተን የሰጠኝ ይመስገን፤ ዓይንህን ክፉ አይንካው" ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልሁ። አሜን አልሁ እኮ!

ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር ማለት የእሳቸው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ምን እንደበደልኋቸው አያውቁም። አሁንም አልነገርኋቸውም።