የጎሊና ቀለም

ሥራዬ ታፔላ መጻፍ ነው። ቆቦ ውስጥ የፀጉር ቤቱንም የጁስ ቤቱንም ስም ስጽፍ ኖሬአለሁ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ግን ስም ሳይሆን ካርታ ፈለገ። የራያን ቆላ በውሃ ቀለም፣ ድሮ በእጅ ይሣል እንደነበረው፤ ተራራው ከጎን እንደሚታይ ሆኖ፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ በትንንሹ ተቀምጠው፣ ዳር ዳሩ በሐረግ ተከቦ። አሮጌ ቤቱን አፍርሶ አዲስ የሠራ ሰው፣ ግድግዳው ላይ አሮጌ ነገር ማየት አማረው።

ወፍራም ወረቀት ገዝቼ ያረጀ እንዲመስል ሻይ ውስጥ ነከርኩት። እናቴ ይህን ስታይ ጤንነቴን ተጠራጠረች። ሲደርቅ ጠረጴዛችን ላይ ዘርግቼ በምዕራብ የደጋውን ገደል፣ በምሥራቅ የዞብልን ተራራ፣ መሃል ላይ ከሮቢት እስከ ዋጃ ያለውን ሜዳ ነደፍኩ። ጎሊናን ደግሞ በሚያምር ሰማያዊ አወረድኩት።

ወንድሜ ገበሬ ነው። «ነበር» ለማለት እስካሁን አፌ አይታዘዘኝም። ማሳችን በሮቢት በኩል፣ ጎሊና ዳር ነው። እዚያ የሚያርስ ሰው እላዩ ላይ እስኪዘንብ አይጠብቅም፤ ደጋው ላይ ደመና ሲከብድ አካፋውን ይዞ ይወርዳል፣ ጎርፉን በአፈርና በቅርንጫፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ያስገባዋል። ወንድሜ በዚህ ሥራ የሚያህለው አልነበረም። በኋላ ግን ወንዙ መሄጃውን ቀየረና ከማሳችን ራቀ። ማሽላው ሳያፈራ ሲደርቅ፣ ወንድሜም ስለ ሳውዲ ማውራት ጀመረ።

አንድ ቀን ከማሳ ሲመለስ ካርታውን አየና ሳቀብኝ።

«እታለም፣ ጎሊና መቼ ነው ሰማያዊ ሆኖ ያየሽው?»

ተናደድኩ። በዓለም ካርታ ላይ ሁሉ ወንዝ ሰማያዊ ነው አልኩት። እሱም ዓለም ጎሊናን የት ያውቀዋል ብሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ ድንጋይና አሸዋ፣ ሲመጣ ደግሞ ጭቃ መሆኑን እንደማላውቅ አድርጎ ያስረዳኝ ጀመር። በማግስቱ ድሮ ጎርፉ ማሳችን ላይ ጥሎት የሄደውን ደለል በፌስታል ቋጥሮ አመጣልኝ። አኩርፌም ቢሆን ሰማያዊውን በእርጥብ ብሩሽ እያራስኩ በጨርቅ አነሳሁት። ደለሉን በነጠላ ጫፍ አጥልዬ፣ ከግራር ሙጫ ጋር በጥብጬ ወንዙን እንደገና ቀባሁት። ቁርጥ ጎሊና ሆነ። ካርታውን በሙሉ የሣለው እሱ ይመስል ቀኑን ሙሉ ሲኩራራብኝ ዋለ።

ሳምንት ሳይሞላ ሄደ። ቢናገር እናቴ በሩ ላይ እንደምትተኛ ስለሚያውቅ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ከአፋር በሰው ስልክ ደውሎ ደህና ነኝ አለን።

ያን ጊዜ ነው እናቴ ካርታው አጠገብ መቀመጥ የጀመረችው። መንገዱን ሣይልኝ አለችኝ። ካርታው የሰው ነው ብላት አልሰማችኝም። በቀይ ቀለም ከቆቦ፣ ከደጃፋችን አስነሥቼ፣ ጎሊናን አሻግሬ፣ ወንዙ የዞብልን ተራራ ሰንጥቆ በሚወጣበት በኩል አሳልፌ እስከ ሐረጉ አደረስኩት። ከዚህ ወዲያስ አለች። ወረቀቱ አለቀ አልኳት።

«ሌላ ቀጥይበታ» አለች።

ቀጠልኩበት። እሱ በደወለ ቁጥር ቀዩን መንገድ ትንሽ አስረዝመዋለሁ። አገሩን አላውቀው፤ በረሃውን ብጫ፣ ባሕሩን ሰማያዊ አደረግኩት። እናቴ ባሕሩን ተጠራጥራ፣ ይኼንንስ አይተሽው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁትም አልኳት። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት መጥቶ፣ ተቀጣጥሎ ከጠረጴዛው የተንጠለጠለውን ወረቀት ሲያይ ካርታውን ትቶልን ወጣ።

ከዚያ መደወሉ ቀረ። እናቴ በየጠዋቱ ጣቷን ቀዩ መንገድ ካቆመበት ላይ አድርጋ ትቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤታችን ያለ ምክንያት ወጥ ሠርታ አመጣችልን፤ አጠገባችን ቁጭ ብላ ብሉ ብሉ አለችን። እኔም ደስ ብሎኝ በላሁ። ለካ ከወንድሜ ጋር የተጓዘ ልጅ ደውሎ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። በእኛ አገር መርዶ ቀን አይነገርም፤ ሐዘንተኛው እህል ቀምሶ፣ ያችን ሌሊት ተኝቶ እንዲያድር ይተዉታል። ጎህ ሳይቀድ ግቢያችን በሰው ሞላ። በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ባሕሩ ጋ አልደረሰም። በረሃው ላይ በውሃ ጥም ሞተ። ጎርፍ ሲጠልፍ የኖረ ልጅ በውሃ ጥም ሞተ ብዬ ለማን ልናገር? አስከሬኑም አልመጣልንም። ልብሱንና አካፋውን አልጋው ላይ አጋድመን አለቀስን።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ ካርታውን አውጪው አለችኝ። የቀጠልኳቸውን ወረቀቶች ራሷ ገንጥላ አነሳች። ከዚያ ቀዩን መንገድ አሳየችኝ።

«ይኼን አጥፊልኝ። ዓይኔ እያየው አልቀመጥም።»

ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ አመጣሁ። ቀይ ቀለም እልኸኛ ነው፤ ቢነሳም ጥላውን ይተዋል። ከሐረጉ ጀምሬ፣ ተራራውን አልፌ፣ እያራስኩ እያደረቅኩ ወደ ቤታችን መጣሁ። ጎሊና ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ቀዩ መንገድ የተሻገረው እሱ ባመጣው ደለል ላይ ነው፤ አንዱን ሳጥብ ሌላውም ይሄዳል። ወንዙ ሊታጠብ ነው አልኳት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እሷም ጣቷን ከደጃፋችን አስነሥታ በቀዩ ላይ እስከ ወንዙ አስኬደችው።

«እስከዚህ ድረስ ያለውን ተይው» አለች። «ይኼ የማሳው መንገድ ነው። በዚህ ሲሄድ ይመለስ ነበር።»

ብሩሹን አጥቤ አስቀመጥኩ።