ዘንቢል ውስጥ የገባው ጥምጥም

ባለፈው ሳምንት ቆቦ ለቀብር ሄጄ የሟቹን ጥምጥም ሬሳ ሣጥኑ ላይ አየሁት። ነጭ፣ በደንብ የተጠቀለለ። ሴቱ ሁሉ ተራ በተራ ይሳለመዋል። እኔ ግን ሳልሳለመው አለፍኩ።

ሟቹ ቄስ የቤታችን የንስሐ አባት ነበሩ። አንቱ እያልኩ መጻፌ ራሱ ያናድደኛል፤ ምን ላድርግ፣ ምላሴ ለምዶታል። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ጥምጥም የጌታ የእሾህ አክሊል ምሳሌ ነው ትለን ነበር። ቄስ ከሚስቱ ሌላ ሴት ጋ ከሄደ ደግሞ ክህነቱ ይፈርሳል፤ ጥምጥሙን አውርዶ እንደ ማንኛውም ሰው ይኖራል።

አሥራ ስምንት ዓመቴ ላይ ለሠርጌ ዕቃ ልገዛ ዋጃ ገበያ ወረድኩ። የማሽላ እሸት የደረሰበት ወቅት ነው፤ በየመንገዱ ዳር ይጠበሳል። ሙቀቱ ሲብስብኝ አንድ ጠላ ቤት ጥላ ሥር ቆም አልኩ። ቄሱ ከውስጥ ወጡ።

ራሳቸው ባዶ ነው። መላጣቸው በላብ ርሷል፣ ትንፋሻቸው ጠላ ጠላ ይላል። አንዲት ሴት ከኋላቸው ብቅ ብላ፣ "ቶሎ ተመለስ እንግዲህ፣ ልጅህ ሲጠብቅህ እንዳይውል" አለቻቸው። ጥምጥሙስ? በእጃቸው በያዙት ዘንቢል ውስጥ ከሽንኩርትና ከበርበሬ ጋር ተጠቅጥቋል። እናቴ የምትሳለመው ጥምጥም!

አልደነገጡም እኮ! መስቀላቸውን ከዚያው ዘንቢል አውጥተው አፌ ላይ ደቀኑት።

"ተሳለሚ እንጂ፣ ልጄ።"

ተሳለምኩ። ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር።

"ሠርግሽ በተክሊል ነው አይደል?" አሉኝ ፈገግ ብለው። "ያንን ነገርሽን ለአባትሽ አልነገርኩም።"

ንስሐ ስገባ ከአንድ ልጅ ጋር ማደሬን ነግሬያቸው ነበር። የማገባው ዲያቆን ነው፤ ተክሊል ደግሞ ለድንግል ነው። አባቴ ቢሰማ ከቤት ያባርረኝ ነበር። ያየሁትን ውጬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። በሠርጌ ቀን ቄሱ ያንኑ ጥምጥም ጠምጥመው አክሊሉን ራሴ ላይ ደፉልኝ። እሳቸውም እኔም የማይገባንን ደፍተን ቆምን፤ ሕዝቡ እልል አለ።

ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እየበላን ታናሽ እህቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ለምን አልተሳለምሽም? ሰው እኮ አይቶሻል።"

አርባ ዓመት የያዝኩትን የዋጃውን ነገር በሹክሹክታ ዘረገፍኩላት። እሷ ንፍሮዋን ማኘኳን አላቋረጠችም።

"የጠላ ቤቷን ሴት ነው? እሱን እኮ አገር ያውቀዋል።"

"ኤዲያ! ታዲያ አንድ ሰው እንኳ እንዴት አይናገርም?"

"ማን ይናገር? ሁላችንም ኃጢአታችንን የነገርነው ለሳቸው አይደል?"

ይኼን ሁሉ ዘመን የታፈነው አፍ የእኔ ብቻ መስሎኝ፣ ራሴን ስጸየፍ ኖሬያለሁ። ድንኳኑን የሞላውን ሰው ዞሬ አየሁት። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ንፍሮውን ያኝካል። የእኔን ወደ ሳህኑ መለስኩት።