ጋሽ ደምሴ ለፅጌ ያዋሷት ካቻቢቴ

ባለፈው ቅዳሜ ኢምፔሪያል አካባቢ ካለ አንድ የመሣሪያ ሱቅ በባትሪ የሚሠራ ካቻቢቴ ልገዛ ገብቼ፣ ሻጯ መስታወቱ ላይ ሦስት ዓይነት ደረደረችልኝ። ለምን እንደምፈልገው ስትጠይቀኝ ትንሽ አፈርኩ፤ ወደ አርባ የተጠጋ ሰው በሪሞት የሚነዳ መኪና ለመፍታትና ለመግጠም ነው ሲል ራሱን መስማቱ ደስ አይልም። እውነቱ ግን ይኸው ነው። አራት ጓደኛሞች እሁድ እሁድ ጠዋት ለሚ ኩራ ውስጥ ግንባታው በቆመ ሰፊ ግቢ እየተገናኘን ትንንሽ መኪኖቻችንን በአቧራው ላይ እናሯሩጣለን፣ ሲገለበጡ እናነሳለን፣ ሚስቶቻችን ይስቁብናል፤ ከአንዷ መኪና ሃያ ሠላሳ ብሎን በእጅ ማውጣት ደግሞ ውሎ አድሮ የእጅ አንጓ ይጨርሳል።

ልጅቷ አልሳቀችም። የሽጉጥ ቅርጽ ያለውን ትልቁን ወዲያው ገፋ አደረገችውና "ይሄ ለቁም ሳጥን ነው፣ ፕላስቲኩን ይሰነጥቅብዎታል" አለችኝ። እንደ እስክሪብቶ የቀጠነው ደግሞ ለሞባይል ጠጋኝ እንጂ ጎማ ለሚይዝ ብሎን አቅም የለውም። መካከለኛውን አንስታ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበትን ቀለበት አሳየችኝ። ቶርኩ፣ የማዞሪያ ጉልበቱ ማለት ነው፣ በዚህ ይስተካከላል፣ ዝቅ ካደረጉት ብሎኑ ልኩ ላይ ሲደርስ ራሱ ይቆማል፣ አይበላውም አለች። ከዚያ በአንድ የፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ልታሳየኝ ብሎኑን አስቀመጠችና፣ ማሽኑን ከማስነሳቷ በፊት በጣቷ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ አዞረችው፤ ወደሚጠብቅበት ሳይሆን ወደሚፈታበት፣ ትንሽ "ቀጭ" የሚል ድምፅ እስኪሰማ።

እኔም ሁልጊዜ የማደርገው ነገር ነው፤ በሴት ልጅ እጅ ያየሁት ግን ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል። እጁም የእህቴ የፅጌ ነበር።

ገርጂ ያኔ ግማሹ ከተማ ግማሹ ገጠር ነበረች፤ ከጎረቤት በአንዱ በኩል ጎመን ይተከላል፣ በሌላው በኩል ፎቅ ይጀመራል፣ ክረምት ሲገባ ጭቃው ጫማ አውልቆ ያስቀራል፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ባለፈ ቁጥር ደግሞ የመስኮታችን መስታወት ሲንቀጠቀጥ አባባ ንግግሩን አቋርጦ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል። አባባ ቦሌ ለሚኖሩ የውጭ ሰዎች ሹፌር ነበር፤ መኪናቸውን ሲያጥብ እንኳ ከረባቱን የማያወልቅ ሰው። ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ አንድ ካርቶን ዕቃ ሰጡት፤ ኩባያዎች፣ ብርድ ልብስ፣ ከሥር ደግሞ አንቴናዋ የታጠፈ፣ የማትሠራ ቀይ የሪሞት መኪና። መኪናዋ ለእኔ ተሰጠች። ወንዱ እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው ይፈልጋት እንደሆነ የጠየቀ የለም። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ፅጌ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሥረኛ ክፍል ልትጨርስ ወራት ቀርተዋታል።

እኔ መኪናዋን አልጋዬ ላይ አስቀምጬ ሳያት ስሰነብት፣ ፅጌ ግን ወስዳ ገለበጠቻትና በእናታችን የልብስ ስፌት መኪና ካቻቢቴ ሆዷን ከፈተችው። የተበጠሰ ሽቦ አገኘች። ሽቦውን ለማስያዝ ወደ ጋሽ ደምሴ ሱቅ ወሰደቻት፣ እኔም ተከተልኳት።

ጋሽ ደምሴ በመንገዱ ዳር በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ፣ ከሰው ይልቅ ከዕቃ ጋር የሚያወሩ ሽማግሌ ነበሩ። የእንጨት ሣጥን ያላቸውን የድሮ ሬዲዮኖች "እርስዎ" ይሏቸዋል፤ "ምነው፣ ዛሬም ድምፅዎ አልከፈት አለ?" እያሉ ይጠይቋቸዋል። ትንንሾቹን አዳዲስ ሬዲዮኖች ግን "አንተ" እያሉ ነበር የሚቆጧቸው። ካቻቢቴዎቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጣሉ እንጂ ማንንም አያስነኩም። ያን ቀን ግን እርሳስ አቅልጠው ሽቦውን ካስያዙ በኋላ ፅጌን ለተወሰነ ጊዜ አይተው ቢጫ እጀታ ያለውን አንዱን አዋሷት።

"መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙሪው" አሏት። "ብሎኑ የድሮ ጥርሱ ላይ ሲቀመጥ ራሱ ይነግርሻል። ከዚያ ወዲያ ማጥበቅ ነው። ጉልበት ለድንጋይ ፈላጭ ተዪለት።"

መኪናዋ ተነሳች። ቀለበት መንገዱ አስፋልቱ ተነጥፎ ለመኪና ገና አልተከፈተም ነበርና፣ ያ ሰፊ፣ ጥቁር፣ ባዶ መንገድ ለጥቂት ወራት የእኛ ሆነ። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከኋላዬ ተሰልፎ ይሮጣል፤ መኪናዋ እየጮኸች ትበራለች፣ የሞቀ ሞተሯ የተቃጠለ ላስቲክና የዘይት ሽታ ይሸታል፣ እኔ ሪሞቱን ይዤ እንደ ሹም እንጎራደዳለሁ። ፅጌ ዳር ላይ ቆማ ትሰማለች። አታይም፣ ትሰማለች፤ ድምፁ ትንሽ ከተለወጠ "አምጣት" ትለኛለች። ከትምህርት ቤት መልስ የምትገባው ጋሽ ደምሴ ጋ ሆነ፣ በሁለት ወር ውስጥ የሰው ሬዲዮ መፍታት ጀመረች፣ ጋሽ ደምሴም ሻይ ሊጠጡ ሲወጡ ሱቁን ለእሷ ትተው መሄድ ለመዱ።

አንድ ቅዳሜ ፅጌ ከእናታችን ጋር ገበያ ሄዳ ሳለ መኪናዋ ወደ አንድ ጎን መጎተት ጀመረች። ፅጌን መጠበቅ አቃተኝ። የወጥ ቤት ቢላ አመጣሁና በጫፉ ከፈትኳት። ሦስቱ ብሎኖች እሺ አሉኝ፤ አራተኛው እምቢ ሲለኝ ክብደቴን ጫንኩበት፣ አናቱ ተበላ፣ ሥሩ ያለው ፕላስቲክም ተሰነጠቀ። ምንም ሳላስተካክል ማስቲካዬን ከአፌ አውጥቼ ስንጥቁን ደፈንኩበትና ገጠምኳት።

በማግስቱ አባባ እንግዳ ነበረው፤ አዲስ ሥራ ያስገባዋል የተባለ የአንድ መሥሪያ ቤት የሹፌሮች አለቃ። ምሳ ተበላ፣ ጨዋታው ሲደራ አባባ የቀድሞ አሠሪዎቹ ምን ያህል ያከብሩት እንደነበር ለማሳየት "እስቲ ያቺን መኪና አምጣት" አለኝ። አመጣኋት። አንድ ሜትር ያህል ሄደች፤ ከዚያ የፊት ጎማዋ ተለያትና ብቻውን ተንከባልሎ እንግዳው ወንበር ሥር ገባ። እንግዳው ሳቀ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። አባባ ግን አልሳቀም።

እንግዳው ከተሸኘ በኋላ አባባ ሁለታችንንም አቁሞ "ማነው የከፈታት?" አለ።

"ፅጌ ናት" አልኩ።

ውሸት አልነበረም፤ ከፍታት ታውቃለች። በዚህ ራሴን ለብዙ ዓመት አጽናንቻለሁ። ፅጌ አየችኝ። አባባ "ሁለተኛ የደምሴ ደጃፍ እንዳላይሽ" አላት፣ እሷም የምሳውን ሳህኖች ሰብስባ ወደ ውጭ ወጣች።

ጋሽ ደምሴ ወደ ቤታችን የመጡት ፈተናዋን ከጨረሰች በኋላ ነው። ኮት ለብሰው ነበር፤ ኮት ለብሰው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቷ እጅ አላት፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ትመዝገብ፣ እኔም እያገዝኩ አወጣታለሁ ብለው አባባን ለመኑት። አባባ በትህትና አዳመጣቸውና "ጋሽ ደምሴ፣ አንድ የልጅ መጫወቻ አበላሽታ እንግዳ ፊት አዋርዳኛለች፤ የሰው ቴሌቪዥን ብትይዝማ ምን ልታደርገኝ ነው?" አላቸው።

"መኪናዋን እኔም አይቻታለሁ" አሉ ጋሽ ደምሴ። ከዚያ ዝም አሉ። እኔ የውሃ ጆግ ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ዝምታው ረዘመ፤ ያን ጊዜ ምን እንደሚጠብቁ አልገባኝም፣ ወይም ገብቶኛል። ብርጭቋቸውን ሞላሁላቸው። ጠጥተው አመስግነው ሄዱ።

ፅጌ ሒሳብ አያያዝ ተማረች፤ ዛሬ ቦሌ አንድ ባንክ ውስጥ ጥሩ ቦታ አላት፣ ሁለት ልጆች አሏት፣ ጎደለኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። የጋሽ ደምሴ ሱቅ መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ፤ እሳቸውም ላምበረት ልጃቸው ዘንድ ገቡ ተባለ፣ ማረፋቸውን የሰማነው ከቀብሩ በኋላ ነው። አባባ በመጨረሻው ዓመቱ አልጋ ላይ ሲውል ሬዲዮው ተበላሸበት። ፅጌ ራስጌው ተቀምጣ ብርቱካን እየላጠችለት ነበር። አባባ በእሷ አናት ላይ አሻግሮ እኔን አየና "ሠሪ ፈልግልኝ" አለኝ፤ እሷም ቀና አላለችም፣ ልጣጩን ሳይበጠስ እስከ መጨረሻው አወረደችው።

ቅዳሜ ከሱቁ ወጥቼ ቤቴ መሄድ ሲገባኝ ታክሲ ይዤ ለሚ ኩራ ወደሚገኘው የፅጌ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ሻይ አቀረበችልኝ፣ እኔም የቢላውን፣ የማስቲካውን፣ ሁሉንም ነገርኳት።

"አውቃለሁ" አለችኝ። "መኪናዋን በድብቅ ሳሳያቸው ጋሽ ደምሴ ያኔውኑ በቢላ ነው ብለውኛል።"

"ታዲያ ለምን ለአባባ አልነገርሽውም?"

"አንተ ትነግረዋለህ ብዬ። እሳቸውም 'ይነግረዋል፣ ልጅ ነው፣ ጊዜ ስጪው' አሉኝ።" ኩባያዋን በእጇ ትንሽ አዞረችው። "አሥራ አንድ ዓመትህ ነበር። በእሱ አልቀየምህም። ግን አሥራ አምስትም ሞላህ። ሃያም ሞላህ።"

ከዚያ ስለ ልጄ ፈተና ጠየቀችኝ፣ ሻይዬ መቀዝቀዙን አይታ ለወጠችልኝ፣ ስወጣም እንደ ወትሮው ታክሲው ድረስ ሸኘችኝ።

በመንገዱ ላይ የጠፋውን ሁሉ ለመቁጠር ሞከርኩ። የጎመኑ ማሳ የነበረበትን ቦታ በጣቴ ማሳየት እችላለሁ፣ ዛሬ ሆቴል ነው። ለጋሽ ደምሴ ሻማ የማበራበት፣ ለአባባ የማለቅስበት መቃብር አለ። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ተመርቃ የምትወጣዋ፣ ሱቋን በስሟ የምትከፍተዋ ፅጌ ግን ኖራ ስለማታውቅ ማንም አልቀበራት፣ ማንም አላለቀሰላት፤ መኖር ትችል እንደነበር የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ቀርተናል፣ አንደኛዋም ስለ እሷ ማውራት አትፈልግም።