ማለዳ የሚመጡ ሰዎች

ዳባት ካለው ቤቴ የወሰዱኝ ማለዳ ነው። በሩ ሲንኳኳ ጎማ የተነፈሰበት ሹፌር መስሎኝ መፍቻዬን ይዤ ወጣሁ፤ ጎሚስታ ነኝ። ደጅ የቆሙት ግን ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ናቸው። "አስቀምጠው" አሉኝ፤ አስቀመጥሁት። ደባርቅ አድርሰው ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ሽታው የነቀዘ ገብስ። ብርዱን አላወራም፤ ደባርቅን የሚያውቅ ያውቀዋል።

አጠገቤ የሚተኙት ከአምቢኮ በኩል የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ ሳል የጸናባቸው ሽማግሌ። ለምን እንደታሰሩ ስጠይቃቸው "አንተስ?" አሉኝ። ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ከእስረኞቹ አንዱ ቤተሰብ ሲሞትበት መርዶውን የሚያረዱት እሳቸው ናቸው። እንደ ወጉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሁላችንንም ሰብስበው።

አንድ ቀን ሴት ልጃቸው ስንቅ አመጣች። እሳቸው መነሳት ስላቃታቸው እኔ ወጥቼ ተቀበልሁላቸው። ጥቁር ለብሳለች። የበሶውን ከረጢት ስታቀብለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እማዬ አረፈች። ለአባዬ ሰው ባለበት ንገሩልኝ" አለችኝ።

ለሌሎቹ በየተራ ሹክ አልኋቸው። "ይሞቱብናል፤ ሲፈቱ ይስሙት" ያለ ነበር። መቼ እንደሚፈቱ ግን የሚያውቅ የለም። በመጨረሻ ነገ ጠዋት ይሁን ተባለ። ማን ይናገር ሲባል ሁሉም እኔን አየ። ሁሌ የሚናገሩልን ሰው ዛሬ ኀዘንተኛው እሳቸው ሆኑ።

ጎህ ሲቀድ ጋቢያችንን ደርበን ከበብናቸው። እኔ ቀልደኛው የጋቢዬን ጥለት እቆጥር ጀመር።

"በል ንገረኝ እንጂ" አሉ፣ ቀና ብለው እየተቀመጡ። "ትናንት በሶውን ስቀምሰው የእሷ እጅ አይደለም። ጥቁር አዝሙዱ የለም። ታማ ይሆን አልሁ። ኋላ አንተም ሳትቀልድ አመሸህ።"

"አባታችን፣ ካወቁ ምነው ዝም አሉ?"

"ብቻዬን ላልቅሳት? እናንተ እስክትሰበሰቡ ነው የቆየሁ።"

"ባለቤትዎ አርፈዋል" አልሁ።

ያኔ አለቀሱ። እኛም አብረን። ጠባቂው በሩን በዱላ ደብድቦ "ጸጥታ!" አለ። የጋቢያችንን ጫፍ አፋችን ውስጥ ወትፈን ቀጠልን። መሪጌታ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙና የሙታንን ጸሎት በቃላቸው ደገሙላት። የክርስትና ስሟን ሲጠሩ ድምፃቸው ተሰበረ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሳቸው ነው።

ከዚያ ያለንን ሁሉ እዝን ብለን ፊታቸው አቀረብን፤ ቆሎ፣ የደረቀ እንጀራ፣ እኔ ግማሽ ብርቱካን። በውኃ እያወራረዱ ከእያንዳንዳችን ቀመሱ። ማንንም አላሳፈሩም።

እዚያ ቤት ስገባ የምፈራው መሞትን ነበር። ከዚያ ጠዋት በኋላ ሞት ቀለለኝ አልልም። አብሮ የሚያለቅስ ሰው አጥቶ ማልቀስ ግን የባሰ መሰለኝ።

ከተፈታሁ በኋላም በር በማለዳ ሲንኳኳ በቀዳዳ ሳላይ አልከፍትም። ባለፈው ክረምት እንዲሁ ተንኳኳ። እናቴ አዲ አርቃይ፣ እኅቴ ዘንድ ታማ ነበር። እኔ ግን ያሰብሁት ሊወስዱኝ እንደመጡ ነው። በቀዳዳ ሳይ ጎረቤቶቼ ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ከፊታቸው ከእኔ በኋላ የተፈቱት መሪጌታ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ እያሳሉ። ለካ ጎረቤቶቼ ልከውባቸው ማታውኑ ከአምቢኮ መጥተው እነሱ ዘንድ አድረዋል።

"ቁጭ በል፣ ልጄ" አሉኝ።

ገና ምንም ሳይሉኝ አውቄ ነበር። ሁሉም ገብተው እስኪቀመጡ ጠበቅሁ።